አጥር ካርታ አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሚኒያፖሊስ አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ ላከልኝ። ቀይ አፈር ያለው ሰፊ ሜዳ ይታያል፤ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል፤ ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተከደነ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ደላላው ከካሜራው ኋላ ሆኖ በሶማልኛ "ከዚህ ግራር እስከዚያ ኩይሳ ድረስ ያንተ ነው" ይላል። ከሥሩ የተማሪዬ መልእክት አለ፦ "መምህር እንዴት ሰነበቱ? ቦታው ሀርሺን ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ቁጠባዬን ልከፍልበት ነው። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?"

ይህ ልጅ ብቻውን አይደለም። ጅግጅጋ ላይ ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ በየአገሩ ታክሲ ይነዳሉ፣ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራሉ፣ የሰው አገር አዛውንት ይጦራሉ። ያጠራቀሟትን ወደ አገር ቤት ለማምጣት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚመጣላቸው መሬት ነው። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋም ይህንኑ የሚጠይቁኝ አሉ። ለተማሪዬ የመለስኩለትን ሰፋ አድርጌ እዚህ የምጽፈው ለዚህ ነው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። አጥር ካርታ አይደለም። ሀርሺን ላይ ታጥሮ የሚሸጠውን የግጦሽ መሬት ሕግ እንደ ንብረት አያውቀውም፤ ጎረቤት ደግሞ የማን እንደነበረ አይረሳውም። በዚያ አካባቢ ገንዘብ አፍስሶ በሐቅ ማትረፍ ይቻላል። የሚቻለው ግን ለሚኖረው ሰው የሚጠቅም ነገር በመሥራት እንጂ አጥሮ ዋጋ እስኪወጣ በመጠበቅ አይደለም።

ምክንያቴን ላስረዳ።

አጥሩ ከየት መጣ?

ሀርሺን በፋፈን ዞን ያለች ወረዳ ናት። ከጅግጅጋ ተነስታችሁ በቀብሪበያህና በሀርትሼክ በኩል ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ከሶማሌላንድ ድንበር አጠገብ ታገኟታላችሁ። ሀውድ የሚባለው ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ክፍል ናት። ሀውድ ሣር አለው፤ ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ ድሮ ከብት አርቢው "ጉ" የሚሉት ዝናብ ሲዘንብ ይገባል፤ "ጂላል" የሚሉት ደረቅ ወቅት ሲመጣ ወደ ጉድጓዶቹ አገር ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1897 አጼ ምኒልክና እንግሊዞች ድንበሩን ሲዋዋሉም፣ በ1954 በተደረገው ስምምነት ሀውድ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ሲመለስም ይህ መመላለስ አልቆመም። ግመሉ የሚሄደው ዝናብ ወዳለበት ነበር።

ነገሩን የቀየረው ቢርካ ነው። ቢርካ ማለት መሬት ተቆፍሮ፣ ግድግዳው በድንጋይና በሲሚንቶ ተለስኖ የጎርፍ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ገንዘብ ያለው ሰው በየቦታው እየቆፈረ አስገነባ። ሲሚንቶውን የገዛ የውሃው ባለቤት ሆነ፤ ከራሱ ፍጆታ የተረፈውን ሸጠ። ውሃ ሲገኝ ሰው ጂላልንም እዚያው መክረም ጀመረ። ሰፈር ተመሠረተ። ሰፈር ሲመሠረት ሣር አነሰ። ሣር ሲያንስ የቢርካው ባለቤት በዙሪያው ያለውን አጠረ። ጎረቤቱ ይህን ሲያይ እኔም ሳልቀደም ብሎ አጠረ። እ.ኤ.አ. በ1988 የሐርጌሳ ጦርነት ያሰደደው ሕዝብ በአካባቢው ሲሰፍር ደግሞ የሣሩም የእንጨቱም ሽሚያ ባሰ።

እንግዲህ ሪል እስቴት ማለት በአንድ ቦታ ላይ የማይንቀሳቀስ፣ ባለቤት ያለው፣ ገቢ የሚያስገኝ ግንባታ ከሆነ፣ የሀርሺን የመጀመሪያው ሪል እስቴት ቢርካ ነው። ችግሩ የመጣው ለሲሚንቶ የተከፈለው ገንዘብ የዙሪያውን መሬትም እንደገዛ ተደርጎ ሲቆጠር ነው። የዛሬው ደላላ የሚሸጠው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደምትጠይቁኝ ጥያቄዎች ልግባ።

ጥያቄ አንድ፦ "የምገዛው በትክክል ምንድን ነው?"

ሁሉም ሰው መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል። መቅደም ያለበት ግን ይህ ነው፤ ምክንያቱም የደላላው ከረጢት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ሁሉንም "መሬት" ይላቸዋል።

የመጀመሪያው በከተማው ፕላን ውስጥ ያለ ቦታ ነው። እሱም ቢሆን መሬቱ የእናንተ አይሆንም። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ በዚህ አገር የግል የሚባል የከተማ መሬት የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የምትይዙት የመጠቀም መብት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ከተሞች ለንግድ 70 ዓመት አስቀምጧል። ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም። እዚሁ ላይ ብዙ ሰው የማያነባት ነገር አለች፦ ግንባታ ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ ቦታውን የሚያስተላልፍ ሰው ትርፉን እንዳለ ይዞ መሄድ አይችልም። የከፈለውን ሊዝ ከባንክ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋ፣ ከዚያም ከማስተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶውን ብቻ ነው የሚወስደው። ሕጉ የተጻፈው ልክ "አጥሬ ልጠብቅ" የሚለውን ሰው አስቦ ነው። ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ብትገዙም፣ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ የተላለፈ ነባር ይዞታ ወደ ሊዝ ይገባልና ይህን ሒሳብ ውስጥ አስገቡ።

ሁለተኛው ቢርካው ነው። ግንባታው የሠራው ሰው ንብረት ነው፤ በዚህ ላይ ጭቅጭቅ የለም። ግን የተሰነጠቀ ቢርካ ባዶ ጉድጓድ ነው። ለዓመታት ውሃ ያልያዘ ቢርካ አዲስ ቆርቆሮ ለብሶ ለገዢ ሲታይ በዓይኔ አይቻለሁ። ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ዝናብ ካቆመ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ሂዱ። ውሃ ከያዘ ያኔ ይታወቃል።

ሦስተኛው የታጠረው ግጦሽ ነው፤ ተማሪዬ ቪዲዮውን የላከልኝ። ይህ የገጠር መሬት ነው። የሚሸጥበት ሕጋዊ መንገድ የለም። እንዲያውም ያው አንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ለግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ካለበት ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ለይቶ ጽፏል። ስለዚህ የሚሰጣችሁ ወረቀት የሽማግሌ ፊርማም ይኑረው የቀበሌ ማኅተም፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ የማይሸጥ ነገር ላይ የተጻፈ ውል ነው። ነገ መንግሥት ከተማውን አስፍቶ ያንን ሜዳ ቢወስድ ካሳ የሚጠየቅበት ሕግ አለ፤ 1161/2011 ይባላል። የሚከፈለው ግን ሕጋዊ ባለይዞታ ለሆነ ነው። እናንተ ለደላላው የከፈላችሁትን ማንም አይመልስላችሁም።

እዚህ ላይ ስለ ወረቀት አንድ ምክር ልጨምር። ቤት ሲገዛ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይደነግጋል። በውክልና ብቻ ተይዞ የሚዞር ቤት አለ፤ "ሽያጭ እንዳይባል ውክልና ሰጥቼሃለሁ" ይባላል። ውክልና ሰጪው የሞተ ዕለት ውክልናው ያበቃል፤ ያን ጊዜ ክርክራችሁ ከወራሾች ጋር ነው።

የውጭ ዜግነት የያዛችሁ ደግሞ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ካላችሁ፣ ቤት የማፍራት መብት አላችሁ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ለሌሎች የውጭ ዜጎችም በሩን ከፍቷል፤ ዝቅተኛው መጠን 150 ሺህ ዶላር ነው። ሁለቱም የከፈቱት የቤት በር ነው። መሬት የግል ያደረገ አዋጅ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ጥያቄ ሁለት፦ "ዋጋው አይጨምርም ወይ?"

ሊጨምር ይችላል። ግን በዚያ መንገድ ላይ ሀርትሼክ አለች፤ ከመወሰናችሁ በፊት እሷን ተመልከቱ።

እ.ኤ.አ. በ1988 የሲያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን ሲደበድብ የሸሸው ሕዝብ ሀርትሼክ ላይ ሰፈረ። መጠለያው ጫፍ በደረሰበት ጊዜ 250 ሺህ ገደማ ሰው ይዞ ነበር። በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ የተባለበት ወቅት አለ። እርዳታ ባለበት ገበያ ይኖራል፤ ድንበር ባለበት ደግሞ ኮንትሮባንድ። ሀርትሼክ ሬዲዮና ጨርቅ የሚጫንባት፣ ከመሐል አገር ሳይቀር ነጋዴ የሚጎርፍባት ገበያ ሆነች። አንድ የጅግጅጋ ጎረቤቴ ያኔ ያለ የሌለውን ሸጦ ሰባት ሱቅና አንድ ማደሪያ ሠራ። ሁለት ሦስት ዓመት ኪራይ ሲሰበስብ አየነው፤ እኛም ቀናን። ከዚያ ስደተኛው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በኮንትሮባንዱ ላይ ቁጥጥሩ ጠበቀ፤ መጠለያው እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ። የጎረቤቴ ሱቆች ማንም ሳያፈርሳቸው ዋጋቸው ወደቀ። ለመጨረሻ ጊዜ ሳያቸው ከሰባቱ ሁለቱ ውስጥ ፍየል ነበረባቸው።

የሀርትሼክ ዋጋ የቆመው በሰው ጦርነትና በሰው እርዳታ ላይ ነበር። ዛሬስ ሀርሺን ላይ ያለው ወሬ በምን ላይ ነው የቆመው? በወደብ ላይ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ የመግባቢያ ስምምነት ተፈራረሙ ሲባል የድንበር መሬት ወሬ ደራ። ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያና ሶማሊያ አንካራ ላይ ሌላ መግለጫ ተፈራረሙ፤ ወሬውም በረደ። አንድ ፊርማ ያወጣውን ዋጋ ሌላ ፊርማ ያወርደዋል። በዚያ ላይ የበርበራ ኮሪደር የሚባለው ዋና መንገድ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ጅግጅጋ የሚገባው ነው። ሀርሺን ከእሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትርቃለች። "ወደብ ሊመጣ ነው" የሚላችሁን ደላላ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ በጣቱ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

የሀርሺን ቋሚው ኢኮኖሚ ከብት ነው። በግና ፍየሉ፣ ግመሉ በበርበራ በኩል ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል። እሱም ቢሆን ይታመማል። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 ሪፍት ቫሊ ፊቨር በተባለው በሽታ ምክንያት ከዚህ አካባቢ በሚገባው ከብት ላይ የጣለችውን እገዳ ያነሳችው በ2009 ነው። ዘጠኝ ዓመት! ተከራያችሁ የከብት ነጋዴ ከሆነ የእናንተም ኪራይ ከበጉ ጋር ነው የሚታገደው። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት መቆየት የሚችል ገንዘብ ነው ወይስ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለይታችሁ እንድትገቡ ነው።

አጥሮ መጠበቅ በራሱም ነፃ አይደለም። የከተማ መሬት የመጠቀም መብትንና ሕንፃን የሚያስገብረው የንብረት ታክስ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ፕላን ውስጥ የገባ ባዶ ቦታ ቁጭ ብሎ ከመብላት የሚያመልጥበት ዘመን እያለፈ ነው።

ጥያቄ ሦስት፦ "ገንዘቡን በምን መልክ ላስገባው?"

አጠር ላድርገው። በዶላር አጠራቅሞ በብር ማከራየት ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የአምስት ዓመት ኪራይ ውል በብር የፈረመ አከራይ ምን እንደተሰማው ጠይቁት። ውላችሁ በየዓመቱ የሚታይ ይሁን፤ የግንባታ ዕቃችሁን ደግሞ ሥራ በሚጀመርበት ሰሞን ግዙ።

ወለድ ለማትፈልጉ አማራጭ አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱን ጅግጅጋ ያደረገው ሸበሌ ባንክ ከወለድ ነፃ ነው፤ ዘምዘምና ሒጅራም አሉ። ሙራባሓ በሚባለው አሠራር ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን አስቀድሞ አሳውቆ ይሸጥላችኋል። ነገር ግን የትኛውም ባንክ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ካርታ ነው። የእሾህ አጥር መያዣ አይሆንም። ባንክ የማይቀበለውን እናንተ ለምን ትቀበላላችሁ?

ስለ ኢንሹራንስ ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅግጅጋ ላይ የነበርን አንረሳም። በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት ሰው ተገድሏል፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ሱቆች ተዘርፈዋል። ብዙ ሰው የእሳት ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ ይተማመናል። ሁከትና የፖለቲካ ግጭት ያደረሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ለብቻው በሚገዛ ሽፋን ነው የሚካሰው። ፖሊሲያችሁን አውጥታችሁ አንብቡ።

"ታዲያ ያጠረው ሁሉ ሌባ ነው?"

አይደለም። ይህን ለማለት የማያውቅ ሰው መሆን ያስፈልጋል።

አንድ የሀርሺን ሽማግሌ ሻይ እየጠጣን እንዲህ አሉኝ፦ "እኔ ባላጥር የሰው መኪና መጥቶ ሣሬን አጭዶ፣ ግራሬን ከሰል አክስሎ ይሄዳል። ታጥሮ የቆየ ሣር ነው በድርቁ ዓመት ላሜን ያተረፈልኝ።" እውነታቸውን ነው። ማንም የማይጠብቀውን ግጦሽ ሁሉም ይጨርሰዋል። መንግሥት የወል መሬቱን ለክቶ፣ መዝግቦ፣ "ይህ የዚህ ቀበሌ ግጦሽ ነው" ብሎ ደብተር ባለመስጠቱ፣ እሾህ ብቸኛው ደብተር ሆነ። ጥፋቱን በአርብቶ አደሩ ላይ ብቻ መጣል ግፍ ነው።

ግን ሽማግሌው ያጠሩት ለላማቸው ነው። ጎረቤታቸው ያውቃቸዋል፤ በክፉ ዓመት ቢለምናቸው በሩን ይከፍቱለታል፤ ባይከፍቱ ሔር የሚሉት ባህላዊ ሕጋቸው አለ፤ ሽማግሌ ይቀመጥባቸዋል። ሚኒያፖሊስ ያለው ተማሪዬ ሲገዛው ያ ሁሉ ይጠፋል። በሩን የሚከፍት ሰው የለም። ሣሩ የሚጠብቀው ላም ሳይሆን ዋጋ ነው። ጂላል ሲከፋ የተጠማ ግመል ይዞ የመጣ ሰው አጥሩን ይጥሳል። ጥበቃውም የአካባቢው ልጅ ነው፤ ዘመዱ ላይ ዱላ እንዲያነሳ እናንተ ደመወዝ ከፈላችሁት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ደም ማን ይከፍላል? በዚያ አገር ደም የሚከፈለው በጎሣ ነው። ሚኒያፖሊስ ሆኖ የገዛው ልጅ አያቱ ሀርሺን ላይ ግመል ያዋጣሉ።

በእኔ እምነት ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። ኪሳራ ከገንዘባችሁ ጋር ያልቃል። ይኼኛው ግን እዚያ ለሚኖሩ ዘመዶቻችሁ ይተርፋል።

ምን ቢሠራ ይሻላል?

ለባለሀብቱ፦ ከአጥር ይልቅ በከተማው ፕላን ውስጥ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ካርታ ያላት ቦታ ያዙና ሥሩባት። ሀርሺን የመጣ የከብት ነጋዴ የሚያድርበት ንጹሕ ክፍል፣ እህልና መኖ ከዝናብና ከምስጥ የሚተርፍበት መጋዘን፣ መድኃኒት ቤት የሚከፈትበት በረንዳ ያለው ሱቅ ይፈልጋል። እነዚህ ወደብ ቢመጣም ባይመጣም ይከራያሉ። የጎረቤቴ ስህተት ሱቅ መሥራቱ አልነበረም፤ ነገ ለሚሄድ ሰው መሥራቱ ነው። እናንተ ለሚቀረው ሥሩ።

ውሃ ላይ መግባት ለሚፈልግ፦ ቢርካ ሥሩ፣ ግን ዙሪያውን አትጠሩ። ከቀበሌውና ከሽማግሌዎቹ ጋር የሰው መጠጥና የከብት ውሃ ዋጋ ተለይቶ፣ በድርቅ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ተጽፎ ተፈራረሙ። ለጥገና ከገቢው አስቀምጡ። ትርፉ ደላላው ከሚላችሁ ያነሰ ነው፤ ግን በሰላም ይበላል።

ለክልሉና ለወረዳው፦ የወል ግጦሹን መዝግቡ። የቀበሌ ማኅተም ያረፈበትን የግጦሽ ሽያጭ ወረቀት ማን እንደፈረመ ጠይቁ። የከተማውን ፕላን አደባባይ ላይ ስቀሉት፤ የትኛው ውስጥ የትኛው ውጭ እንደሆነ እረኛውም ባለ ዶላሩም እኩል ይየው። ደላላ የሚኖረው ፕላኑ ቢሮ ውስጥ በተቆለፈበት አገር ነው።

ተማሪዬን መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ አዘዝኩት፦ "ደላላውን፣ ከመታጠሩ በፊት እዚያ ሜዳ ላይ የማን ግመል ነበር የሚሰማራው ብለህ ጠይቀው።"

በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። ደላላው "እሱን ለእኛ ተወው፤ እኛ እንጨርሰዋለን" ብሎታል።

"መምህር፣ እሷን ቃል ስሰማ ያጎቴ ልጆች ታወሱኝ" አለኝ ተማሪዬ። ገንዘቡ እስካሁን ባንክ ነው። ከተማው ውስጥ አንዲት የሱቅ ቦታ እያጣራ ነው፤ ካርታዋን ለማየት አጎቱ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ "የሚመለከተው ሰው የለም፣ ነገ ኑ" ተብለዋል። ነገ ይሄዳሉ። ያሰለቻል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ማዘጋጃ ቤት ደጅ መጥናት ኋላ ፍርድ ቤት ደጅ ከመጥናት ይሻላል።

ቸር እንሰንብት።